አንገት ማሸት ለእያንዳንዱ የልብ መደለቅ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ልብ መደለቅ የወጣውን ጽሑፍ ያነበብኩት ደብረ ማርቆስ በሌሊት ተረኝነት ላይ ሳለሁ ነው። ጽሑፉ ብዙ ሰው የሚቸገርበትን ጉዳይ አንሥቷልና አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ሆኖም ሁለት ነገሮች አሳስበውኛል። አንደኛው፣ ልቡ በድንገት መደለቅ የጀመረ ሰው ትንፋሹን ይዞ እንዲያምጥ፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ እንዲነክርና ከመንጋጋው በታች ያለውን የአንገቱን የደም ሥር ጫን ጫን አድርጎ እንዲያሽ የሚመክረው ክፍል ነው። ሁለተኛው፣ የልብ ምት መዛባት አብዛኛውን ጊዜ የነርቭ ጉዳይ ስለሆነ መረጋጋት ይበቃል የሚለው ነው። ሁለቱም ጨርሶ ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ አንባቢው ለአንዱ ሕመም እውነት የሆነውን ይዞ ለሌላው ይጠቀምበታል።

የልብ መደለቅ ብዙ ምክንያት ያለው ስሜት እንጂ አንድ በሽታ አይደለም። ጽሑፉ የመከረው ዘዴ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ግፊቱ በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መካከል ባለው፣ ኤቪ ኖድ በሚባለው መተላለፊያ በኩል ክብ ሠርቶ እየዞረ ልብን በእኩል ፍጥነት ለሚያስሮጥበት ሕመም ነው። በዚያ ጊዜ ማማጥም ሆነ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ቬገስ የተባለውን ነርቭ ይቀሰቅሳል፤ ነርቩም መተላለፊያውን ለቅጽበት ይዘጋዋል፤ ክቡ ሲቆረጥ ልብ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔ ልጽፍበት የተነሣሁት ግን ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ስለሚባለው መዛባት ነው። ይህን ሕመም በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ፣ በእኛ አገር ደግሞ በልጅነታቸው ከጉሮሮ ሕመም በኋላ በያዛቸው የሪውማቲክ ትኩሳት የተነሣ የልብ በራቸው በተጎዳ ወጣቶችም ላይ እናየዋለን። ኤትሪየም የሚባሉት የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች በአንድነት መኮማተራቸውን ትተው እሳት ላይ እንደ ተጣደ ሽሮ ይንተከተካሉ፤ በደቂቃ ከ350 እስከ 600 የሚደርስ ግፊት ይነሣባቸዋል። ይህ ሁሉ ግፊት እንዳለ ወደ ታች ቢወርድ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞት ነበር። የሚያተርፈው ኤቪ ኖድ እንደ ኬላ ቆሞ ጥቂቱን ብቻ ማሳለፉ ነው። የሚያሳልፈውም ያለ ሥርዓት በመሆኑ የታካሚው የእጅ ትርታ አንዱ ቀርቦ፣ አንዱ ርቆ፣ አንዱ ጠንክሮ፣ አንዱ ላልቶ ይዳሰሳል። መድኃኒት ባልጀመረ ሰው ላይ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መድረሱ የተለመደ ነው።

እንግዲህ የመዛባቱ ምንጭ ከኬላው በላይ ከሆነ፣ ኬላውን ለቅጽበት መዝጋት ትርታውን ለጥቂት ጊዜ ያዘገየው ይሆናል እንጂ መዛባቱን አያቆመውም። አንገት ማሸቱ ደግሞ አደጋም አለበት። በዕድሜ በገፋ ሰው አንገት ውስጥ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ የተጋገረ ነገር ካለ ተነቅሎ ወደ አንጎል ሊሄድና ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። እኛም ሐኪሞች ይህን ዘዴ የምንጠቀመው የአንገቱን የደም ሥር በማዳመጫ ሰምተን፣ የልብን የኤሌክትሪክ ግፊት በወረቀት የሚመዘግበውን ኢሲጂ አያይዘን፣ በአንድ ወገን ብቻ፣ ለጥቂት ሰከንድ ነው። ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ እንዲያደርገው በጋዜጣ የሚመከር አይደለም።

«ነርቭ» ስለሚለው ቃል ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ። በእኛ ዘንድ ልቤ ይደልቃል ብላ የመጣች ሴት «ነርቭ ነው» ከተባለች፣ ሕመምሽ ከሐሳብሽ የመጣ ነው፣ ሂጂና ተረጋጊ እንደ ማለት ነው። ብዙዎች ይህን ሰምተው አፍረው ይመለሳሉ፤ ዳግመኛ ሲያማቸውም ለመናገር ይሳቀቃሉ። የልብ ነርቮች ግን በዓይን የሚታዩ፣ በመቀስ የሚቆረጡ ክሮች ናቸው። ቬገስ ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ በአንገት በኩል ወርዶ ልብን፣ ሳንባንና ጨጓራን ያዳርሳል፤ ስሙም በላቲን ተንከራታች ማለት ነው። ሲምፓቴቲክ የሚባሉት ደግሞ ከላይኛው የጀርባ አከርካሪ ይወጣሉ። ለበቅሎ ልጓምና አለንጋ እንደሆኑላት ሁሉ ሁለቱ ወገኖች ለልብ እንዲሁ ናቸው። የጤናማ ወጣት ልብ ሁለቱም ቢቋረጡበት በራሱ በደቂቃ 100 ያህል ጊዜ ይመታል፤ ዐርፈን ስንቀመጥ 60 ወይም 70 የሚሆነው ቬገስ ልጓሙን ስለሚይዝ ነው። የሌላ ሰው ልብ የተተከለላቸው ሕሙማን ተኝተውም ትርታቸው ፈጠን ያለ የሚሆነው ነርቮቹ በቀዶ ጥገናው ስለሚቆረጡ ነው።

ይህ እውቀት ትናንት የመጣ አይደለም። ጀርመናውያኑ ተመራማሪዎች፣ ወንድማማቾቹ ቬበር፣ ቬገስ በኤሌክትሪክ ሲቀሰቀስ ልብ እንደሚዘገይ፣ ቅስቀሳው ሲበረታም ቀጥ እንደሚል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። ተመራማሪው ኦቶ ሎዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ሥራ የአንድ እንቁራሪት ልብ ቬገሱ ሲቀሰቀስ ሳለ የተነከረበትን ፈሳሽ ወስዶ በሌላ እንቁራሪት ልብ ላይ አደረገው፤ ማንም ያልነካው ሁለተኛው ልብም ዘገየ። ነርቭ ከልብ ጋር በኬሚካል እንደሚነጋገር የታወቀው በዚህ ነው። ሎዊ ራሱ እንደ ተረከው የሙከራው ሐሳብ የመጣለት በፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ከእንቅልፉ ነቅቶ ነበር። ኬሚካሉ አሴቲልኮሊን መሆኑ ኋላ ታወቀ፤ ሎዊና ሄንሪ ዴልም እ.ኤ.አ. በ1936 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ሪፍሌክስ የምንለው እነዚህ ነርቮች እኛ ሳናዝዛቸው የሚሰጡትን ፈጣን ምላሽ ነው። ሰው ከመደቡ ብድግ ሲል ደም ወደ እግሩ ይወርዳል። በአንገት የደም ሥር ላይና ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ቅስት ላይ ያሉ ግፊት ለኪ የነርቭ ጫፎች የግፊቱን መቀነስ ወዲያው ለአንጎል ያሳውቃሉ፤ አንጎልም ልጓሙን ያላላል፣ አለንጋውን ያነሣል፣ ልብ ይፈጥናል። ግፊት ሲጨምር የዚህ ተቃራኒ ይሆናል። አንገት ማሸት ልብን የሚያዘገየውም ጫፎቹ የደም ግፊት የጨመረ ስለሚመስላቸው ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በያዘው ሰው ላይ ይህ ሥርዓት ይታወካል። አንዱ ምት ልብ ሳይሞላ ስለሚመጣ ደሙን በቅጡ አይገፋም፤ ተከታዩ ዘግይቶ ሲመጣ ልብ እስኪሞላ ጊዜ አግኝቷልና አጥብቆ ይገፋል። ለኪዎቹም በየምቱ የተለያየ ወሬ ይልካሉ። የትርታው ወጥነት ማጣት ብቻውን፣ ፍጥነቱ ባይጨምር እንኳ፣ የሲምፓቴቲክ ነርቮችን ሥራ ከፍ እንደሚያደርግ በነርቮቹ ላይ በተደረጉ ልኬቶች ታይቷል። ስለዚህ ታካሚው ጭንቅ ጭንቅ ይለኛል፣ ላብ ያጠምቀኛል ሲል፣ ጭንቀቱ መዛባቱን አመጣው ብለን ከመፍረዳችን በፊት መዛባቱ ጭንቀቱን አምጥቶት እንደሆነ መመርመር ይገባናል። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ይህን ቅደም ተከተል አገላብጬ ያየሁባቸው ታካሚዎች አሉ፤ ዛሬም ሳስባቸው አዝናለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው ቬገስ በኬላው ላይና በኤትሪየም ላይ የሚሠራው ሥራ አንድ አለመሆኑን ነው። ኬላው ላይ መተላለፉን ያጠብቃል፤ በዚህም የታችኛው ክፍል ትርታ ይረጋጋል። በኤትሪየም ሥጋ ላይ ግን አሴቲልኮሊን የፖታሲየም በሮችን ይከፍትና እያንዳንዱ ሕዋስ ከአንድ ግፊት በኋላ የሚያርፍበትን ጊዜ ያሳጥረዋል። የነርቩ ጫፎች በእኩል ስላልተበተኑ ማጠሩ አንዱ ቦታ ላይ ብዙ፣ ሌላው ቦታ ላይ ጥቂት ነው። ገና ያላረፈው ሥጋ ግፊቱን አልቀበል ሲል ቀድሞ ያረፈው ጎረቤቱ ይቀበለዋል፤ ግፊቱም መጥፊያ አጥቶ ይዞራል፣ ይከፈላል፣ መልሶ ራሱን ይለኩሳል። የታችኛውን ክፍል የሚያረጋጋው ነርቭ ራሱ የላይኛውን ያውካል ማለት ነው። ሲምፓቴቲክ ደግሞ በበኩሉ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ በብዛት እንዲገባ አድርጎ ያለ ተራው የሚነሣ ምት ይፈጥራል። ሚሼል አይሳጌርና ባልደረቦቹ ከፈረንሳይዋ ቦርዶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ መዛባቱን የሚለኩሱት ምቶች በአብዛኛው የሚነሡት ደምን ከሳንባ ወደ ልብ ከሚመልሱት የደም ሥሮች ውስጥ ነው። የሁለቱም ነርቮች መገናኛ ጉብታዎች እዚያው አጠገብ፣ በልብ ላይ ባለው ስብ ውስጥ ይገኛሉ። ክብሪትና ጭድ በአንድ ጓዳ እንደ ማስቀመጥ ነው።

ሌላው ፈረንሳዊ የልብ ሐኪም ፊሊፕ ኩሜል መዛባት እንዲነሣ ሦስት ነገር እንደሚያስፈልግ ያስተምር ነበር፤ የተዘጋጀ ሥጋ፣ የሚለኩስ ምት፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የነርቭ ሁኔታ። ለተማሪዎቼ ይህን ሳስረዳ በጉልቻ እመስለዋለሁ፤ አንዱ ጉልቻ ከተነሣ ድስቱ አይቆምም። እኛ ዘወትር የምንጨነቀው በመጀመሪያው ጉልቻ ነው፤ ስለ ልብ በሩ፣ ስለ ኤትሪየሙ መስፋት እንጠይቃለን። ሦስተኛውን ጉልቻ የሚገልጠው ግን መሣሪያ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ መቼ ጀመረዎ? ምን እያደረጉ ሳለ? ኩሜል የነርቭን ድርሻ በሁለት ዓይነት ከፍሎታል። አንደኛው በዕረፍት ጊዜ፣ በሌሊት፣ ከምግብ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ የልብ ሕመም በሌለባቸው ጎልማሳ ወንዶች ላይ የሚመጣው የቬገስ ዓይነት ነው። ሁለተኛው በቀን፣ በሥራና በድንጋጤ ጊዜ የሚመጣው የሲምፓቴቲክ ዓይነት ነው። በብዙ ሰዎች ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ አንዳንዴም ሲምፓቴቲኩ ቀድሞ ከፍ ይልና ቬገስ ሲከተለው መዛባቱ ይነሣል።

ከታካሚዎቼ አንዱ በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋ መምህር ናቸው፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገሮችን ለውጫለሁ። ሁለት ዓመት በተከታታይ በፋሲካ ሌሊት፣ ከቅዳሴ ተመልሰው ጾሙን በዶሮ ወጥና በጠላ ፈትተው ጋደም እንዳሉ፣ ልባቸው እየተርበተበተ ከእንቅልፋቸው ቀስቅሷቸዋል። ሄደው በታዩበት የጤና ተቋም በመጀመሪያው ዓመት ጨጓራ ነው፣ በሁለተኛው ዓመት ነርቭ ነው ተብለው ተመለሱ፤ እስኪደርሱ ልባቸው ወደ ቦታው ይመለስ ስለነበር ኢሲጂው ምንም አላሳየም። በሦስተኛው ዓመት ደቀ መዛሙርታቸው ገና ሳይነጋ በባጃጅ አድርገው እኛ ዘንድ አመጧቸው። ወረቀቱ ከመሣሪያው ሲወጣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን መሆኑ በግልጽ ታየ፤ ትርታቸውም 92 ነበር። «የኔታ፣ ምን ሲሠሩ ጀመረዎ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ስሠራስ አይነሣብኝም ልጄ። መቋሚያ ይዤ ሌሊቱን ሙሉ ስቆም አንድ ቀን አላወከኝም። በልቼ ጋደም ስል ነው» አሉኝ። ከዚህ የጠራ የሕመም ታሪክ ከታካሚ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ረፋድ ላይ ተነሥተው በግቢው ጥቂት እንደ ተንሸራሸሩ ልባቸው ተመለሰ፤ ሁለተኛው ኢሲጂ ጤናማ ነበር።

የኔታ የነገሩኝ ከነርቩ አሠራር ጋር ይገጥማል። 55 ቀን የጾመ፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የቀመሰ ሆድ በአንድ ሌሊት በቅባትና በሥጋ ሲሞላ ጨጓራው ይወጠራል፤ የመወጠሩን ወሬ ወደ አንጎል የሚያደርሰው ቬገስ ነው፤ ምላሹን ይዞ ወደ ልብ የሚወርደውም ያው ቬገስ ነው። ሌሊቱና እንቅልፉ ደግሞ በራሳቸው የቬገስ ሰዓት ናቸው። ጨጓራ ነው ያላቸው ባለሙያ እንኳ ጨርሶ አልተሳሳተም፤ መንገዱ በጨጓራ በኩል ያልፋል፤ ግን እስከ ልብ ድረስ ተከትሎት አልሄደም። መጠጡም ድርሻ አለው። ሐኪሞች ከበዓልና ከዕረፍት ቀን መጠጥ በኋላ የሚመጣውን መዛባት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የበዓል ልብ ብለው ሰይመውታል። የየኔታን የልብ አልትራሳውንድ፣ የደም ግፊትና የእንቅርት ሆርሞን አየን፤ ሁሉም ደህና ነበር። የስትሮክ ሥጋታቸውም ዝቅተኛ ስለሆነ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አላስፈለጋቸውም። ጾሙን በጥቂት በጥቂቱ እንዲፈቱ፣ በልተው ወዲያው እንዳይጋደሙ፣ መጠጥም እንዲተዉ መከርኳቸው። ያለፈው ፋሲካ በሰላም አለፈላቸው። የአንድ ሰው ታሪክ ጥናት አይሆንም፤ ያም ቢሆን ሰዓቱን ባንጠይቅ ኖሮ ትርታ ለማዘግየት ብለን ዲጎክሲን እንሰጣቸው ነበር፤ ዲጎክሲን ደግሞ የቬገስን እጅ የሚያበረታ መድኃኒት በመሆኑ እንዲህ ላለው ሰው መዛባቱን ሊያባብስበት ይችላል።

የሁለተኛው፣ የሲምፓቴቲኩ ዓይነት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም አልዘረዝርም። እንቅርት ግን በደጋው አገራችን የቆየ ሕመም ስለሆነ ሳላነሣው አላልፍም። እንቅርቱ ሆርሞን ከመጠን በላይ ማመንጨት ሲጀምር ልብን ለሲምፓቴቲክ አለንጋ እጅግ ስሱ ያደርገዋል። አንገቷ ላይ እንቅርት ያለባት፣ የከሳች፣ ሙቀት የማይስማማት፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ ሴት ልቤ ይደልቃል ካለች፣ ጭንቀት ነው ተብላ መመለሷ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደሚባለው ነው። ሆርሞኑ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ሲታከምም ልብ ብዙ ጊዜ ይረጋጋል።

አሁን ስለ አንድ ገበሬ ልናገር። ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከስናን ወረዳ የሚመጣ፣ 40 ዓመት ያልሞላው ገብስና ድንች አምራች ነው፤ በሪውማቲክ ሕመም የተነሣ ሚትራል የተባለው የልብ በሩ ጠብቦ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይዞታል። ዲጎክሲንና ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ይወስዳል። በካርዱ ላይ በየቀጠሮው ትርታ 72፣ ትርታ 76፣ ጥሩ ነው እየተባለ ተጽፏል፤ ከእነዚያ ጽሑፎች አንዳንዶቹ በእኔው እጅ የተጻፉ ናቸው። አንድ ቀን ግን ልወጣ ነው ብሎ ከተነሣ በኋላ መለስ አለና «ዶክተር፣ እዚህ ወንበር ላይማ ደህና ነኝ። እርፍ ስይዝ ነው የማልችለው። አንዱን ትልም ሳልጨርስ ትንፋሽ ያጥረኛል» አለኝ። መልሼ አስቀመጥኩትና ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጌ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 88 ሆነ። በእጁ ላይ ስቆጥር ግን 74 ብቻ ነበር፤ አሥራ አራቱ ምቶች ደሙን እስከ እጁ ለማድረስ አቅም ያጡ ናቸው። ከዚያ ከእኔ ጋር እስከ ግቢው በር ደርሰን እንድንመለስ ጠየቅሁት፤ መንገዱ ጥቂት ዳገት አለው። ስንመለስ ደረቱ ላይ የቆጠርኩት 154 ነበር።

ዲጎክሲን ከተክል የተገኘ መድኃኒት ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ስለ ተክሉ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1785 ነው። በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ላይ ትርታን የሚያዘገየው በዋናነት የቬገስን ጉልበት በኬላው ላይ በማበርታት ነው። ሰው ሲቀመጥ ቬገስ በሥራ ላይ ስለሆነ መድኃኒቱ ይረዳዋል። ሰው ዳገት ሲወጣ፣ ሲያርስ፣ ሲደነግጥ ግን ቬገስ ልጓሙን ይለቃል፣ ሲምፓቴቲክ አለንጋውን ያነሣል፤ የሚበረታ ቬገስ ከሌለ ዲጎክሲን ምን ያበረታል? ኬላው ወለል ብሎ ይከፈታል። በሩ የጠበበ ልብ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ጊዜ ነው፤ ደሙ በጠባቡ በር እስኪያልፍ መቆየት አለበት። ትርታው 154 ሲሆን ያ ጊዜ ይጠፋል፤ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ሰውየውም ትልሙ መካከል ቆሞ አየር ያጥረዋል። ለዚህ ሰው የጎደለው አለንጋውን የሚይዝ እንደ ሜቶፕሮሎል ወይም አቴኖሎል ያለ መድኃኒት ነበር። በጥቂቱ ጀምረን ቀስ በቀስ ከፍ አደረግንለት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ከዚያው ዳገት ሲመለስ 102 ቆጠርኩ። የልብ በሩ አሁንም ጠባብ ነው፣ መስፋት ያስፈልገዋል፤ ሞፈር ቀንበሩንም ለታናሽ ወንድሙ አስረክቧል። ዘሩን ግን ዘንድሮ ራሱ ዘርቷል።

ይህን የጻፍኩት በጎጃም ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሚሠሩ ባልደረቦቼም ያነቡታል ብዬ ነው። የእጅ ትርታን 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ወጥ ለሆነ ትርታ ይበቃ ይሆናል፤ ለተዛባ ትርታ ግን ያሳስታል፤ በየ15 ሰከንዱ የሚገኘው ቁጥር ይለያያልና። ደረት ላይ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር፣ ከዚያም ታካሚውን ጥቂት አስኪዶ እንደገና መቁጠር የሚጠይቀው ሰዓትና ማዳመጫ ብቻ ነው። ከበር ውጭ ብዙ ሰው ተሰልፎ ሳለ ይህን ማድረግ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ በየቀኑ የምኖረው ነውና። ቢሆንም ከጮቄ የመጣ ሰው በወንበር ላይ አይኖርም፤ ኑሮው ዳገት ላይ ከሆነ ትርታውም የዳገት ላይ ትርታ ሆኖ መለካት አለበት።

መንገድ በሚዘጋበትና መድኃኒት በሚጠፋበት ጊዜ የሚመጣ አንድ አደጋም አለ። ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ልብ፣ የተከለከለውን አለንጋ ለመስማት ተቀባዮቹን ያበዛል። መድኃኒቱ በአንድ ቀን ሲቋረጥ የበዙት ተቀባዮች ያለ ከልካይ ይቀራሉ፤ ትርታው ከመጀመሪያው ብሶ ይነሣል። ስለዚህ ታካሚዎች ኪኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፍለጋ እንዲጀምሩ፣ ማለቁ የማይቀር ከሆነም በአቅራቢያቸው ያለውን ባለሙያ ጠይቀው መጠኑን ቀስ በቀስ እንዲቀንሱ እለምናለሁ።

ጠበል የሚጠመቁ ታካሚዎችም ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። አትግቡ ብዬ አላውቅም፤ እኔም የምጠመቅ ሰው ነኝ። ነገር ግን ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ፊት ላይ ሲወርድ ቬገስን፣ ገላ ላይ ሲወርድ ደግሞ ሲምፓቴቲክን በአንድ ጊዜ ይቀሰቅሳል፤ ልጓሙና አለንጋው አብረው ሲመጡ የተዘጋጀ ልብ ሊታወክ ይችላል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ለአጥማቂው አስቀድሞ ይንገር፣ ከእግሩ ጀምሮ ቀስ ብሎ ይግባ፣ የዕለቱንም ኪኒን ሳይውጥ አይሂድ።

መረጋጋት ይበቃል ስለሚለው ግን ልስማማ አልችልም። የነርቮቹ መረጋጋት ትርታውን ሊያረጋጋው ይችላል፤ በማይኮማተረው ኤትሪየም ጓዳ ውስጥ ያለውን የደም መርጋት ግን አያስቀርም። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የስትሮክን ዕድል አምስት እጥፍ ያህል እንደሚጨምር፣ ከሪውማቲክ የልብ በር ሕመም ጋር ሲሆን ደግሞ ወደ 17 እጥፍ እንደሚያደርሰው በአሜሪካዋ ፍራሚንግሃም ከተማ ለረጅም ዓመታት በተደረገው ክትትል ታውቋል። ትርታዬ ቀዝቅዟል፣ ልቤም አይደልቅም ብሎ ዋርፋሪኑን የተወ ሰው አንድ ጎኑ ሽባ ሆኖ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ልቡ ከመታመሙ በፊት ከነበረው ይልቅ የተረጋጋ መስሎት ነበር።

ስለዚህ አንገትን ስለ ማሸት የተሰጠው ምክር በሚቀጥለው እትም በዚያው ዓምድ እንዲታረምልኝ፣ በምትኩም ትርታው ወጥነት ያጣ፣ የደከመው፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ደረቱን የወጋው ሰው ሳይዘገይ ኢሲጂ ወዳለበት ጤና ተቋም እንዲሄድ፣ ሲሄድም ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓትና በዚያ ጊዜ ሲያደርግ የነበረውን ነገር በወረቀት ጽፎ እንዲይዝ እንድታሳስቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እርማቱን በማዘጋጀት ላግዛችሁ የምችል ከሆነ ፈቃደኛ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም
ከደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም